ወይዘሮ ውድነሽ የጠየቁት ደብዳቤ

ገብረመድኅን በዳላሱ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ የፓርኪንግ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። መኪናውን ሩቅ ያቆመውን መንገደኛ አንስቶ ተርሚናል ያደርሳል፣ ከተርሚናል ያገኘውን ደግሞ ወደ መኪናው ይመልሳል፤ በቀን አሥራ ስምንት ዙር። «ሰውን ሁሉ ወደ ዓለም ዳርቻ እየሸኘህ አንተ ከአጥሩ አትወጣ» እያልኩ እቀልድበታለሁ። አይስቅም። እኔ እንየው እባላለሁ፤ ሌዊስቪል ውስጥ በአንድ የዕቃ መጋዘን ፎርክሊፍት እነዳለሁ። ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ተጋርተን አሥራ ሦስት ዓመት አብረን ኖረናል። ሁለታችንም አላገባንም፤ እሱ በቁም ነገር፣ እኔ በስንፍና።

እሑድ እሑድ ግን ሌላ ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከፈረንጆች በተከራየነው አዳራሽ ነበረች። ቅዳሴው ሲያልቅ ወንበሮቹን አዙረን እንቀመጥና ገብረመድኅን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ያስተምረናል። እሱ ሲያስተምር ሰው የያዘው ሻይ ይቀዘቅዝበታል። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ እሱ ገፋ እያደረጉ «ጽኑው መምህር ናቸው፣ ሰላም በሏቸው» ይላሉ። ጽኑው የተባለው በደርግ ጊዜ ለሃይማኖቱ አሥራ አንድ ቀን ታስሮ፣ ተገርፎ፣ ካድ ቢሉት እንቢ ብሎ የወጣ ነው ስለተባለ ነው። ዳላስ ያለ አበሻ ሁሉ ይህን ያውቃል። ውሸት ነው። ውሸቱን የፈጠርኩትም እኔ ነኝ።

እውነቱ እንዲህ ነው። ገብረመድኅን ጎንደር አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ ዲያቆን ነበር። በ1970 ዓ.ም. ካድሬዎች አሥራ ዘጠኝ ካህናትና የቆሎ ተማሪዎች ሰብስበው የእህል መጋዘን ውስጥ ዘጉባቸው። መውጣት የፈለገ ሁለት ነገር ማድረግ ነበረበት፤ ክህነቱንና ሃይማኖቱን በፈቃዱ መተዉን በሚገልጽ ወረቀት ላይ መፈረም፣ ከዚያም በሚሰጠው መቀስ የገዛ አንገቱን ማተብ መቁረጥ። ገብረመድኅን በሦስተኛው ቀን ፈረመ፣ ቆረጠም። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ወረቀቱን የሚያጸድቀው ሹም ወደ አውራጃ ሄዶ ስለነበር ግን እስከ አሥራ አንደኛው ቀን እዚያው ቆየ። ያልፈረሙት ስምንት ሰዎች በጭነት መኪና ተወሰዱ፤ የት እንደደረሱ የሚያውቅ የለም። ሲጫኑ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ወደ እሱ ዞር ብለው «በርታ ልጄ» አሉት። መፈረሙን አላወቁም ነበር።

እኔና እሱ የተገናኘነው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ በሚገኝ የስደተኞች ጣቢያ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ስለነበር፣ ስደተኛ እየጠየቁ ወደ አሜሪካ ለሚያሳልፉት ፈረንጆች አስተረጉም ነበር። የራሴ ጉዳይ ደካማ ስለሆነ የአጎቱ ልጅ ነኝ ብዬ ከእሱ ፋይል ጋር ተመዝግቤያለሁ፤ እሱ ካለፈ እኔም አልፋለሁ ማለት ነው። ጠያቂዋ «ምን ደረሰብህ?» አለችው። ምንም ሳይደብቅ ነገራት። ወረቀቱን፣ መቀሱን፣ ሁሉንም። እኔ ደነገጥኩ። ፈርሞ የወጣን ሰው ምን ብላ ታሳልፈዋለች? እሱ «ፈረምኩ» ሲል እኔ «አልፈርምም አለ» ብዬ ተረጎምኩ። ግርፋቱን ከራሴ ጨመርኩበት። የሴትዮዋ ዓይን እንባ ሞላ። እሱ እንባዋን አይቶ፣ ኃጢአቱን ሰምታ ያዘነችለት መስሎት አንገቱን ደፋ።

ዳላስ እንደደረስን የተቀበሉን ፈረንጆች በቤተ ክርስቲያናቸው መድረክ ላይ አቁመውት ታሪኩን አነበቡና አጨበጨቡለት። «ምን እያሉ ነው?» አለኝ። «እንኳን ደህና መጣህ እያሉ ነው» አልኩት። ሁለት ዓመት ቆይቶ እንግሊዝኛው ሲገራለት፣ አበሻውም ጽኑው ማለት ሲጀምር፣ አንድ ቀን ከሥራ ገብቶ ፊቴ ቆመ። «ምን ብለህ ነው የነገርካቸው?» ነገርኩት። ይመታኛል ብዬ ነበር። አልመታኝም። ለሰው ሁሉ ልንገር ሲል እግሩ ላይ ወደቅኩ፤ ፋይላችን ውሸት መሆኑ ከታወቀ ሁለታችንንም ይመልሱናል አልኩት። ስለ እኔ ብሎ ዝም አለ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ መጀመሪያ አንድ ጸሎት ምራልን አሉት፣ ቀጥሎ ልጆቹን አስተምርልን፣ ቀጥሎ ጉባኤውን በሙሉ። ዲያቆን ሆኖ ቀድስ ሲሉት ግን ጉልበቴን ያመኛል እያለ አንድም ቀን መቅደስ አልገባም። አልቆረበምም። ሰው ይህንንም ትሕትና ነው ይለው ነበር።

በ1997፣ እዚህ ያለነው መቼም በፈረንጅ ነው የምንቆጥረው፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ስለ ዳኬዎስ ዘመን ማስተማር ጀመረ። ይህ የሮም ንጉሥ በግዛቱ ያለ ሰው ሁሉ ለአማልክት ይሠዋ ብሎ አዋጅ አወጣ። ሰውየው በሹማምንት ፊት ያጥናል፣ ወይን ያፈስሳል፣ ከመሥዋዕቱ ሥጋ ይቀምሳል፤ ከዚያ አይተናል ብለው ፈርመው ወረቀት ይሰጡታል። ከእነዚያ ወረቀቶች አንዳንዶቹ በግብፅ አሸዋ ተቀብረው ቆይተው በእኛ ዘመን ተገኝተዋል። ክርስቲያኑ ሁሉ ሰማዕት አልሆነም። ተሽቀዳድሞ የሠዋ ነበር፤ ሳይሠዋ ጉቦ ሰጥቶ ወረቀቱን የገዛ ነበር፤ ታስሮ፣ ተገርፎ፣ ሳይክድ በሕይወት የወጣም ነበር።

«ሰማዕታቱንማ ሁሉም ያውቃቸዋል» አለ ገብረመድኅን። «ስለ ወደቁት ማን ይናገራል? ስደቱ በረድ ሲል ተመልሰው መጡ። ደጅ ቆመው አለቀሱ። ካርቴጅ በምትባል የአፍሪካ ከተማ ደግሞ ጸንተው ወደታሰሩት ሰዎች ይሄዱና ደብዳቤ ያጽፉ ነበር፤ ስለ እኛ መከራ ብላችሁ ይህን ሰው ተቀበሉት የሚል፣ ለጳጳሱ የሚሰጥ። ደብዳቤው እንደ ልብ ሲበዛ ጳጳሱ ተቆጣ፤ ንስሐ ሳይገቡ በደብዳቤ ብቻ አይሆንም አለ።»

ሲናገር ላብ ያጠምቀዋል። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ‘ይህ ሰው ዛሬ አንድ ነገር ያወጣል’ እያልኩ እፈራለሁ። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ፤ ደረሰ፣ በሌላ በኩል።

ከሆሳዕና በፊት ባለው እሑድ ወንበር ስናጥፍ ወይዘሮ ውድነሽ መጡ። ስድስት ወር ቢሆናቸው ነው ልጃቸው ህይወት ካመጣቻቸው። ህይወት ሪቻርድሰን የምትኖር፣ በሽተኛ የምትንከባከብ፣ ትጉህ ልጅ ናት። እናትየው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ሁልጊዜ መጨረሻው ረድፍ ላይ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ይቀመጣሉ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነው» አሉት።

«ይዘዙኝ፣ እማማ።»

«ደብዳቤ ይጻፉልኝ።»

የኢሚግሬሽን ጉዳይ መሰለው። «ለየትኛው ቢሮ?»

«ለቄሳችን ለቀሲስ ማኑሄ ነው እንጂ ለቢሮስ አይደለም። ያ ያስተማሩን ደብዳቤ። የጸኑት ለወደቁት የሚጽፉት።»

ነጠላቸውን ከአንገታቸው ገለጥ አደረጉ። ማተብ የለም። ደሴ ያስተምሩ በነበረበት ጊዜ ካድሬው ትምህርት ቤት መጥቶ፣ ስልሳ ሕፃናት ፊት አቁሟቸው፣ «ይህ የኋላ ቀርነት ገመድ ነው» አሰኝቶ በገዛ እጃቸው አስቆረጣቸው። ባላቸው ታስሮ ነበር፤ ደመወዛቸው ቢቆም ህይወት የምትበላው አልነበራትም። ከዚያ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንገታቸው ባዶ ነው። አልቆረቡም፣ ንስሐ አልገቡም።

«ቄስ ፊት ብቻዬን ምን ብዬ እቀርባለሁ? እኔ እኮ ሕፃናት ነው ያስካድኩት። አማላጅ ያስፈልገኛል። እንደ እርስዎ ያለ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ እግዚአብሔር ከዚህ ድረስ ያመጣኝ ለዚህ ነው።»

በዚያ ጉባኤ ከነበርነው ሁሉ ያን ጥንታዊ ነገር ዛሬም የሚሠራ ሥርዓት አድርገው የወሰዱት እሳቸው ብቻ ናቸው። ገብረመድኅን ታሪክ ነው ያስተማረው። እሳቸው ግን በሩን የት እንደሆነ ያሳያቸው መሰላቸው። «እስቲ… ላስብበት» አላቸውና ያጠፈውን ወንበር መልሶ ዘረጋው።

ማክሰኞ ህይወት ደወለች። «እንየው፣ ማሚ ሰርጀሪውን ካንስል አደርጋለሁ እያለች ነው። የልቧ ቫልቭ እኮ ነው! ማለቴ፣ ዶክተሩ ከዚህ በላይ አይቆይም ብሏል። ቀጠሮው ከፋሲካ በኋላ ማክሰኞ ነው፤ ሳልቆርብ አልገባም ትላለች። ሶ፣ ጋሽ ገብረመድኅን ያቺን ወረቀት ቢጽፍላት ምን ይሆናል? አንድ ገጽ እኮ ናት!»

ቀን ደግሞ አልነበረም። በሰሞነ ሕማማት ካህን ንስሐ አይቀበልም፤ የመጨረሻው ቀን ሆሳዕና ነው። ቀሲስ ማኑሄ ከሂውስተን በወር ሁለቴ እየነዱ ነው የሚመጡት፤ ከሆሳዕና በፊት ሌላ እሑድ አልቀረንም።

«ጻፍላቸው» አልኩት። «ሁለት መስመር ነው። ይቁረቡ፣ ይታከሙ፣ ይዳኑ።»

«በማን ስም?»

«ሰው በሚጠራህ ስም ነዋ።»

«ያ ስም የእነዚያ የስምንቱ ነው» አለ።

«እንግዲያው አልጽፍም በላቸው።»

«ብላቸው ጽኑው ፈረደብኝ ብለው ይሞታሉ።»

«እንግዲያውስ…» ብዬ ቆምኩ። እሱም አየኝ። የቀረው መንገድ እውነቱን መናገር እንደሆነ ሁለታችንም አውቀነዋል። ያኔ እኔ የዜግነት ማመልከቻዬን አስገብቼ ነበር። «ፋይላችን አንድ እኮ ነው፣ ገብሬ» አልኩት። «ነገሩ ከተነሳ እኔም አለሁበት።» ለሴትዮዋ ነፍስም ለእሱ ነፍስም አልነበረም የጨነቀኝ፤ ለራሴ ነው። አሁንም ስጽፈው ያሳፍረኛል።

ያን ሳምንት ምግብ አልበላ አለ። ጾም ነው ብሎ ተሸሸገበት እንጂ ጾም አልነበረም። ወረቀት ይዞ ይቀመጣል፣ «ለክቡር ቀሲስ ማኑሄ» ብሎ ይጀምርና ይቀደዋል። አንድ ቀን ከሰዓት መኪናዬ ተበላሽታ አብሬው ልመለስ ብዬ አውቶቡሱ ላይ ተሳፈርኩ። የሚወርዱት ሰዎች የማስቆሚያውን ገመድ እየሳቡ «ስቶፕ! ስቶፕ!» እያሉ ፌርማታውን አልፎ ሄደ። ሻንጣ ያቀፈች ፈረንጅ ጮኸችበት። ዞሮ እንደገና መጣ፣ እንደገና አለፈው። በሦስተኛው ዙር ሱፐርቫይዘሩ መንገድ ላይ ወጥቶ አስቆመው። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቅሬታ ያልቀረበበት ሰው ነው። «ታምሜያለሁ» አለና ቁልፉን ሰጠ።

መኪና ማቆሚያው አጥር ላይ ተደግፎ «ብጽፍ ሐሰተኛ ነኝ፣ ባልጽፍ ነፍሰ ገዳይ ነኝ» አለኝ። «ያን መጋዘን በአሥራ አንደኛው ቀን የለቀቅኩት መስሎኝ ነበር እኮ።»

እጁን ልይዘው አስቤ ተውኩት።

የሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ፣ «ሪቻርድሰን አድርሰኝ» አለ። ደብዳቤውን የጻፈ መሰለኝና ደስ አለኝ። ህይወት በር ከፈተችልን። ወይዘሮ ውድነሽ ሶፋ ላይ በሁለት ትራስ ተደግፈዋል፤ ትንፋሻቸው ያጥራቸዋል። ወረቀት ፍለጋ እጁን እጁን ያያሉ። ባዶ ነው።

«እማማ፣ ደብዳቤ አልጻፍኩም» አላቸው። «የምጽፍበት ነገር የለኝም። እኔም ፈርሜያለሁ።»

አልገባቸውም። ፊታቸው ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ነገራቸው። መነኩሴው «በርታ ልጄ» ያሉትንም አልተወም። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ፤ ስሜን የሚጠራበትን ቦታ እጠብቃለሁ። አልጠራኝም። «ሰው ጽኑው ሲለኝ ዝም አልኩ፤ ዝም ባልኩ ቁጥር አደገ» ብሎ አለፈው።

ወይዘሮ ውድነሽ ከትራሳቸው ቀና አሉ። ከዚያ ተቆጡ፣ ያውም ክፉኛ። ህይወት «ማሚ፣ ልብሽ!» ብላ ብትነሳ በእጃቸው ገፏት።

«ስድስት ወር!» አሉ። «ስድስት ወር ሙሉ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አንተን ሳይ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል የቆሸሽኩት እኔ ብቻ ነኝ እያልኩ ወደ ቤቴ የምመለሰው! ቄሱ ጋ እንዳልሄድ የያዘኝ ያ ካድሬ መሰለህ? እሱ ከሞተ ስንት ዓመቱ! አንተ ነህ የያዝከኝ!»

ገብረመድኅን ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ደፋ። እኔም የሰማሁት ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፤ የተወረወረው ወደ እሱ ቢሆንም ያረፈው እኔ ላይ ነው።

ካለቀሱ በኋላ ድምፃቸው ዝግ አለ። «ተነስ እንግዲህ» አሉት። «ነገ አብረን እንገባለን። እኔ ብቻዬን አልችልም፣ አንተም ብቻህን አትችልም።»

በማግስቱ ሆሳዕና ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱም ቀሲስ ማኑሄ ጋ ገቡ። ለወይዘሮ ውድነሽ ስለ ሕመማቸው ቀኖናው ቀለለላቸውና ጸሎተ ሐሙስ እንዲቆርቡ ተፈቀደላቸው። ለገብረመድኅን አንድ ዓመት ሆነበት፤ ዓመቱን ሙሉ ቅዳሴውን ከደጅ ያስቀድሳል። ስለ እኔ ምን እንደተናገረ አላውቅም። ከዚያ ወጥቶ ማንም ሳያስገድደው ጉባኤው ፊት ቆመና «ጽኑው አትበሉኝ፤ በሦስተኛው ቀን የፈረምኩ ሰው ነኝ» አለ። ግማሹ ሰው አላመነውም! «ትሕትናው እኮ ነው» እያሉ አለቀሱ። የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር ኤፍሬም ግን አመነው፤ በዚያው ሳምንት ደውሎ ማስተማሩን ለጊዜው እንዲያቆም ነገረው።

ወይዘሮ ውድነሽ ቆረቡ። ማክሰኞም ሆስፒታል ገብተው ቀዶ ጥገናው ተሳካላቸው። ህይወት ኮሪደሩ ላይ አንገቴን አቅፋ እስክትደክም አለቀሰች።

ሰኔ ሲገባ፣ ቴክሳስ አስፋልቱን ማቅለጥ ስትጀምር፣ ወይዘሮ ውድነሽ እንደገና ቤተ ክርስቲያን መምጣት ጀመሩ። ግን ውስጥ አይቆዩም። ከቆረቡ በኋላ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እንደያዙ ይወጡና ደጅ ከገብረመድኅን አጠገብ ይቆማሉ። ሰው ወንበር ቢያመጣላቸው አይቀመጡም። አንገታቸው ላይ አዲስ ማተብ አለ። እኔ በዚያ ሰሞን ገብቼ ማስቀደስ አልቻልኩም። ከእሱ ጋር ደጅ መቆምም አልቻልኩም። መኪናዬ ውስጥ ኤሲ ከፍቼ እጠብቀዋለሁ።

አንድ እሑድ ቅዳሴው ካለቀ በኋላ መጥተው መስኮቴን አንኳኩ። ዝቅ አደረግኩት።

«እንየው ልጄ፣ አንተ ከሱዳን ጀምሮ ታውቀዋለህ። ያን ወሬ መጀመሪያ ያወራው ማን ነው? እሱን ብጠይቀው ‘ይተዉት እማማ’ ብቻ ነው የሚለኝ። ያ ሰውም እኮ ይጨንቀው ይሆናል፤ ካወቅኩት ና ከእኛ ጋ ቁም ልለው ብዬ ነው።»

በእጃቸው ዱላ አልነበረም። የሚቆጡም አይመስሉም፤ ፀሐዩ ዓይናቸውን እየወጋቸው ነበር የሚያዩኝ። የዜግነት መሐላዬ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

«አላውቅም፣ እማማ» አልኩ።

«እሺ፣ ልጄ» አሉ። ሙቀቱ እንዳይገባብኝ መስኮቱን እንድዘጋ በእጃቸው አመለከቱኝና ተመልሰው አጠገቡ ቆሙ።